የአክስት ሊያን አረንጓዴ አምባር

ጌክ ሊያንን ቤተ ሙከራው ውስጥ ሁሉም «አክስቴ» ነው የሚላቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሥራቸው መላጥ ነው፤ ከኒኬልና ከአዮዲን የተሠራ ድንጋይ በፕላስተር እየላጡ ከፀጉር እጅግ የሳሳ ንጣፍ ያወጣሉ። የሲንጋፖር እርጥበት ድንጋዩን በደቂቃዎች ስለሚበላው፣ የሚልጡት በተዘጋ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው።

ተመራማሪዋ ሱጋንቲ ደግሞ ንጣፉ ላይ የጨረር ብልጭታ ትለቅበታለች። ውስጡ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ የተሰለፈው መግነጢስ በብርሃኑ ይናወጣል። ያለ ሽቦ፣ በብርሃን ብቻ መግነጢስን ማዘዝ ነው ሐሳቧ።

ጨረር ክፍል ሲገባ፣ ጨረሩ እንዳይነጥርበት የሚያብረቀርቅ ሁሉ ይወልቃል። የአክስት ሊያን አረንጓዴ የጄድ ድንጋይ አምባር ግን እምቢ ይላል። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው እናታቸው ያጠለቁላቸው ነው፤ እጃቸው ከዚያ ወዲህ ወፍሯል። ስለዚህ በጥቁር ጨርቅ ይጠቀልሉታል።

አንድ ማክሰኞ ጨርቁ በላብ ራሰና ፈቱት። መልሰው መጠቅለሉን ረሱ።

«አክስቴ፣ ይቺን የጨረር መስታወት ይያዙልኝ፤ ጎኗ ላይ ያለው ቁጥር አልታይ አለኝ» አለች ሱጋንቲ፣ መከላከያ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ።

እጃቸውን ሰደዱ።

«ምንድን ነው? ቀይ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ» አለች።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ ታክሲ ውስጥ ቀኝ ዓይኗን ይዛ ራሷን ስትረግም ቆየች። «መስታወቷን አጣምሜያት ነው። መነጽር ያወለቅሁ ጅል።» አክስት ሊያን እጅጌያቸውን አምባሩ ላይ ጎተቱ። ብትታወርስ?

ሐኪሙ «ጨረሩ በቀጥታ ነው የመታሽ ወይስ ነጥሮ?» አላት።

«እንጃ።»

አክስት ሊያን እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ነጥሮ ነው። ከዚህ።»

ሱጋንቲ ዞር አለች። «ታክሲ ውስጥ ያን ሁሉ ራሴን ስረግም ዝም ብለው ሰሙኝ?»

«ፈራሁ፣ ልጄ።»

ሐኪሙ የተቃጠለ ነገር አላየም፤ ቢሆንም በሳምንቱ ተመለሺ አላት። በማግስቱ አክስት ሊያን የእጅ አንጓቸው ባዶ፣ አውራ ጣታቸው አብጦ መጡ።

«እንዴት ወለቀ?» አለች ሱጋንቲ።

«በሳሙና፣ በፌስታልና በጩኸት።»

ያን ሳምንት ጠዋት ጠዋት ቤተ ሙከራው አጠገብ ካለው ቁርስ ቤት በር ላይ ይይዟታል። «ግራ ዓይንሽን ሸፍኚ። ያ አውቶቡስ ስንት ቁጥር ነው?»

«መቶ ሃምሳ አንድ፣ አክስቴ።»

ዓርብ ዕለት ሱጋንቲ ለቀልድ ያላየች መስላ «የቱ አውቶቡስ?» አለቻቸው። የያዙት ሾርባ ከነሳህኑ መሬት ላይ ወደቀ። ፊታቸውን ስታይ ሮጣ ያዘቻቸው፤ ቁጥሩንም ሦስት ጊዜ ደጋግማ ነገረቻቸው።