አዴ ጫልቱን ያቋረጥኩበት ቀን

ጥብቅና የጀመርኩ ዕለት፣ አምቦ ከአውራጃው ፍርድ ቤት ፊት ለፊት በተከራየኋት ክፍል ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት ሰባት ዓመት እዚያው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ፣ መጥሪያ እጽፋለሁ። የጠበቆችን አቤቱታ ከማንበቤ ብዛት፣ ፈቃዱን ሳገኝ የሚቀረኝ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ያን ዕለት አራት ባለጉዳዮች መጡ። አራቱንም ከምሳ በፊት ሸኘኋቸው። በጎረቤት ክፍል የሚሠሩት ኦቦ ደበላ፣ በጥብቅና ያረጁ ሰው፣ ከአንድ የሸነን ገበሬ ጋር ገና እያወሩ ነበር።

“ስንት አስተናገድክ?” አሉኝ።

ነገርኳቸው።

“እኔ አንድ” አሉና ሳቁ። ሽማግሌው ደክመዋል ብዬ አለፍኩት።

አዴ ጫልቱ የመጡት በሁለተኛው ወር ነው። የካቺሲ ሰው ናቸው። አስተማሪ የነበሩት ባላቸው ሞተው፣ አምቦ ላይ አብረው የሠሩት ቤት ቀርቷል። የባላቸው ታላቅ ወንድም ግን፣ “ወንድሜ ሚስት አልነበረውም፤ እሷ የቤት ሠራተኛው ናት፤ ትውጣልኝ” ብሏል። አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ኖረው እንዲህ ተባሉ።

ኦሮምኛ ከእናቴ የተማርኩት ቋንቋ ስለሆነ በቋንቋ አልተቸገርንም። “እንዴት ተጋባችሁ?” አልኳቸው።

“ቄሱ መጥተው…” ብለው ሲጀምሩ፣ “ገባኝ” ብዬ ብዕሬን አነሳሁ። በር ላይ ሦስት ሰዎች ይጠብቁኝ ነበር። “በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻ ፈጽመው” ብዬ ጻፍኩ፣ በታይፕ አስመታሁ፣ አሻራቸውን አስደረግኩ። እሳቸው አማርኛ አያነቡም፤ እኔም አላነበብኩላቸውም።

በቀጠሮው ቀን የተከሳሹ ጠበቃ አንድ ደብዳቤ አቀረበ። በቤተ ክርስቲያኒቱ የጋብቻ መዝገብ ላይ የሁለቱ ስም የለም ይላል። “እንግዲህ ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከሳሿ ያልሆነውን ሆነ ብለው ቀርበዋል” አለ። ወንድምየው ፈገግ አለ። አዴ ጫልቱ የችሎቱን አማርኛ በከፊል ብቻ ስለሚሰሙ ፊቴን ፊቴን ያዩኛል። ከደንበኛዬ ጋር ልማከር ብዬ ጠየቅኩ፣ ዳኛው ለከሰዓት ቀጠሩን።

በረንዳው ላይ፣ “አዴ፣ የተጋባችሁት በቤተ ክርስቲያን አይደለም እንዴ?” አልኳቸው።

“ማን አለ? ጃርሳዎች ናቸው ያጋቡን፤ አባቴ ግቢ። ቄሱ መጥተው ምግቡን ባርከው ሄዱ። ይህን ልነግርህ ስል ገባኝ አልከኝ። የተማረ ሰው ነው፣ ገብቶት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።”

በጃርሳዎች፣ በአገር ሽማግሌዎች የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ፊት የጸና ነው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ወደ ኦቦ ደበላ ሮጥኩ። “የታይፕ ስህተት ነው ብል ምን ይመስልዎታል?” አልኳቸው።

“ውሸት በውሸት ላይ ትጨምራለህ? ስህተቱን አንተ ውሰድ፤ የሴትየዋ ስም ይጸዳል።”

ከሰዓት ቆሜ፣ “ክቡር ፍርድ ቤት፣ ስህተቱ የእኔ ነው። ከሳሿ ያላሉትን ጻፍኩ፤ አንብቤም አላሰማኋቸውም። አቤቱታውን አሻሽዬ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ” አልኩ። ችሎቱ በባለጉዳይ ሞልቶ ነበር፤ ከእንግዲህ ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ያለ አልመሰለኝም። የተከሳሹ ጠበቃ ተቃወመ። ዳኛው ግን፣ “መዝገብ ቤት ሳሉ እንዲህ አይቸኩሉም ነበር” አሉና ፈቀዱ።

በማግስቱ ከአዴ ጫልቱ ጋር ጠዋቱን ሙሉ ተቀመጥን። እስኪጨርሱ አንድም ቃል አልተናገርኩም። ከዚያ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር በኦሮምኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ሁለት ቦታ አስቆሙኝ። በሁለተኛው፣ “ይሄ ወንድሙም እኮ ራሱ እዚያ ነበረ” አሉ። “ከሽማግሌዎቹ ጋር አባቴ ግቢ መጥቶ ፈረሶቹን ያሰረው እሱ ነው።”

ይህን ለምን ቀድመው እንዳልነገሩኝ አልጠየቅኳቸውም። ምክንያቱን አውቀዋለሁ።

ካጋቧቸው ሽማግሌዎች ሦስቱ በሕይወት ነበሩ። ከካቺሲ መጥተው መሰከሩ። አንደኛው ወደ ወንድምየው እጃቸውን ዘርግተው፣ “እሱም ነበረ፤ የእኔን ፈረስ ያሰረው እሱ ነው” አሉ።

ዳኛው ወደ ተከሳሹ ዞሩ። “በዚያ ቀን ነበሩ?”

ሰውየው ኮፍያውን በእጁ አሸ። “ነበርኩ” አለ።

ውሳኔው ተነብቦ ሲያበቃ ከችሎት ወጣን። “ምን አሉ?” አሉኝ አዴ ጫልቱ።

“የሕግ ሚስቱ ነዎት አሉ።”

“እሱንማ እኔም አውቃለሁ። ቤቱስ?”

“ግማሹ የእርስዎ ነው። ማንም አያስወጣዎትም።”

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እንባቸው የመጣው ያኔ ነው።

የፈራሁት አልደረሰም። ከካቺሲም ከሸነንም፣ “ጥፋቴ ነው ያለው ጠበቃ የትኛው ነው?” እያሉ ጠይቀው የሚመጡ ሰዎች በዙ። እኔም አሠራሬን ለወጥኩ። በር ላይ የነበረውን አግዳሚ ወንበር ወደ ጓሮ አዛወርኩት፤ የሚጠብቀኝን ሰው ካየሁ እቸኩላለሁና። ባለጉዳዩ አሻራውን ከማኖሩ በፊት አቤቱታው ምን እንደሚል በራሱ አፍ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ። ካልቻለ እንደገና እጽፋለሁ።

ጥብቅና ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው፤ ባለጉዳዩ ሳይጨርስ አትጻፉ፤ የጻፋችሁትን በሚሰማው ቋንቋ ሳታነቡለት አታስፈርሙት።