በጆሮዬ ያየሁት ማፍያ

የልጄ ኢርፎን ባለፈው ሳምንት ተበላሸ። እሱ አኮረፈ፤ እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ለወራት ጆሮው ውስጥ ደብቆት የከረመው ፊልም በአንዴ ቤቱን ሞላው። ሽንኩርት እየከተፍኩ የጎማ ጩኸት፣ ተኩስ፣ ያንን የጣልያኖች የጥድፊያ ንግግር ስሰማ እጄ ቢላዋው ላይ ቆመ። አዳማን ገና ናዝሬት ወደምንልበት ዘመን፣ ወደ አስራ አንድ ዓመቴ ተመለስኩ።

ቤታችን ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር። እኛንና የጋሽ ደምሴን ቪዲዮ ቤት የሚለየን አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ወዲያ መደገፊያ የሌላቸው አግዳሚ ወንበሮች፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ቴሌቪዥን፣ የለውዝ ልጣጭ የሸፈነው ወለል። የናዝሬት ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው የላቡና የለውዙ ሽታ ተቀላቅሎ ግቢያችን ድረስ ይመጣል። ሴት ልጅ እዚያ አትገባም። የከለከለ ሕግ አልነበረም፤ እናቴ ግን አንዴ "የዱርዬ መዋያ" ብላዋለችና ሕግ አያስፈልገኝም ነበር። ስለዚህ ግድግዳውን ተደግፌ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ፊልሞቹን እሰማቸዋለሁ። ከሁሉም አብልጬ የምወደው ቅዳሜ ከሰዓት የሚታዩትን የጣልያን ማፍያ ፊልሞች ነበር። ቋንቋው ለማንም አይገባም። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ ከሚሉት የጋራዥ ቃላት በቀር በሰፈሩ ጣልያንኛ የሚያውቅ አልነበረም።

የጋራዡን ቃላት ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ መካኒክ ነበር። መኪና ሲመጣለት ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። እኔንም አጠገቡ ያቆምና ይጠይቀኛል። ናፍጣ ነው ቤንዚን? የላላው ቺንጊያው ነው ወይስ ሌላ? "ሞተር አይዋሽም፤ የሚዋሸው ባለቤቱ ነው" ይል ነበር። ስሳሳት ይስቃል። ሳገኘው ደግሞ ምንም አይልም፤ አባቴ ዝም ካለ ጎበዝ ብሎኛል ማለት ነው።

በትምህርት ቤታችን ፊልም ያየ ላላየው የማውራት ግዴታ ነበረበት። ሰኞ በእረፍት ሰዓት ተራኪው ከግራሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው ይከበዋል። ድንጋዩ የአብዲሳ ነበር። አብዲሳ ከእኔ አንድ ክፍል ይበልጣል። ጥይቱን "ዲሽክያው" እያለ፣ ቡጢውን በራሱ አገጭ ላይ እያሳየ ሲያወራ ደወል ቢደወል የሚነሳ የለም። ሴቶች ከኋላ ቆመን ነበር የምንሰማው። ያ ድንጋይ ሴት ተቀምጣበት አያውቅም።

አንድ ሰኞ አብዲሳ ትረካውን ሲያሳርግ ፖሊሶች ደርሰው አክተሩን አዳኑት አለ። አክተር የምንለው ጀግናውን ብቻ ነው፤ የቀሩት የፈለጉትን ያህል ቢተውኑ አክተር አይባሉም። እኔ ግን ቅዳሜ የሰማሁት ሌላ ነበር። ከአፌ አመለጠኝ። የመጡት ፖሊሶች አይደሉም፣ የፖሊሶቹ መኪና ቤንዚን ነው፣ መጨረሻ ላይ የደረሰው መጀመሪያ ዓሣ ሲጫንበት የሰማነው ናፍጣ ነው፤ ያዳኑት ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው አልኩ። በኋላ እንደታወቀው አብዲሳ ፊልሙ ሳያልቅ እናቱ በጆሮው ጎትታ አውጥታው ነበር። ያኔ ግን አፍሮ እጅ የሚሰጥ ልጅ አልነበረም። ማየት ማመን ነው፣ አንቺ በምን አየሽና አለኝ፤ አንዱ ደግሞ በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቃ ነው አለ። በመጨረሻ ተስማማን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ እቀመጥና ፊልሙን እናገራለሁ። ከተሳሳትኩ ስለ ፊልም ዳግመኛ አልናገርም። ከረታሁ ድንጋዩ የእኔ ነው።

እናቴ እንዳትሰማ ብዬ ለአባቴ ብቻ ነገርኩት። አብሬሽ እገባለሁ አለና የሥራ ቱታውን ሳያወልቅ መጣ። ጋሽ ደምሴ እያጉረመረመ የምቀመጥበት አንድ ዱካ ከቴሌቪዥኑ ሥር አኖረልኝ። አዳራሹ ሙሉ ወንድ አፍጦብኛል። ፊልሙ ሲጀምር ግን ጆሮዬ ሥራውን ያዘ። ሁለት ሰዎች ደረጃ እየወጡ ነው፣ አንደኛው ያነክሳል አልኩ። ልክ ነበርኩ። አሁን ቤተ ክርስቲያን ገቡ አልኩ። ይሄንንም አገኘሁት። አብዲሳ እየቆየ ለውዝ መብላቱን ተወ።

አክተሩ ሳቂታ ጓደኛ ነበረው። ሲጋራ ከመለኮሱ በፊት የላይተሩን ክዳን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ይዘጋል፤ ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ። በቪዲዮ ቤት ደንብ የአክተሩ ጓደኛ ዕጣው የታወቀ ነው። ይሞታል፣ አክተሩም ደሙን ይመልሳል። ልጆቹ ሰውየው በቁሙ እያለ ከንፈር ሊመጡለት ጀምረዋል። በዚህ መሃል የማፍያው አለቃ ሻካራ ድምፅ መጣ፤ ከአንድ ሰው ጋር ነው። በኋላ እንደነገሩኝ የሰውየው ፊት ጨለማ ውስጥ ስለሆነ ማንም አላየውም። አንድ ቃልም አልተነፈሰም። እኔ ግን ሰማሁት፤ ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ።

"ጓደኛው ነው" አልኩ። "አክተሩን የሸጠው ጓደኛው ነው።"

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አብዲሳ የሒሳብ ቀመር እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብሎ፣ "የአክተር ጓደኛ ይሞታል እንጂ አይከዳም" አለ። ቃሌን ልለውጥ ምንም አልቀረኝም ነበር። ቀና ስል አባቴን በሩ ላይ ቆሞ አየሁት፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ቃሌን አልለወጥኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረዘመብኝ። ሰርግ ነበር፣ ማሳደድ ነበር፣ ተኩስ ነበር። መጨረሻው ሲቃረብ የባሕር ድምፅ ሰማሁ። የሁለት ሰው እርምጃ፣ ቀጥሎ ላይተሩ፣ ቀጥሎ ሽጉጥ ሲቀባበል። እኔ የማየው የተመልካቹን ፊት ብቻ ነው፤ የሁሉም አፍ እኩል ተከፈተ። ጓደኛው ሽጉጡን የደገነው በአክተሩ ላይ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ምስኪኑ አክተር የጓደኛውን ጉድ ከናዝሬት ሰው ሁሉ ኋላ ሰማ። አዳራሹ ተናወጠ። አግዳሚው ይደበደባል፣ ለውዝ ይበተናል፤ የሚጠራው ግን የአክተሩ ስም ሳይሆን የእኔ ስም ነበር። እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን የለም፤ የዩኒቨርሲቲ ምርቃቴን ጨምሮ።

አብዲሳ በሰው መሃል እየተጋፋ መጣ። "ዱጋ ነው፣ እውነትሽን ነው" አለኝ። "ሰኞ ድንጋዩ ያንቺ ነው።" አባቴ ትከሻዬን ይዞ ቤት እስክንገባ ምንም አላለም።

አክተሩ እንዴት እንደተረፈ እስከ ዛሬ አላውቅም። በጩኸቱ አልሰማሁም፣ በሆታውም የፊልሙን መጨረሻ ያየ ሰው አልነበረም። ሰኞ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ከራሴ ፈጥሬ አወራሁላቸው፤ ሴቶቹ በዚያን ቀን ፊት ለፊት ነበር የተቀመጡት።

አሁን በቪዲዮ ቤቱ ቦታ ፎቅ ቆሟል፤ ሥሩ የሞባይል ሱቅ ነው። አባቴም በሕይወት የለም። ፊልም እንደ ልብ ሆነ፣ ያየውን ለሌላው የሚያወራ ግን ጠፋ፤ ሁሉም የየራሱን በጆሮው ወትፎ ይዞራል። ይሄ ነገር አንዳንዴ ያስከፋኛል።

ሽንኩርት በከተፍኩበት በዚያ ማታ ግን ጀርባዬን እንደሰጠሁ ከልጄ ስልክ አንድ ሰው ቀለበቱን በብርጭቆ ሲያንኳኳ ሰማሁ። ቀደም ብሎ በፊልሙ ቀብር ላይ፣ የሟቹ ወንድም ሲያለቅስም ያንኑ ድምፅ ሰምቼ ነበር። "ያስገደለው ወንድሙ ነው" አልኩት። አይተሽዋል እንዴ አለኝ፤ አላየሁትም አልኩ። ከንፈሩን አጣሞ ወደ ፊልሙ ተመለሰ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወጥ ቤት በር ላይ አፉን ከፍቶ ቆመ፤ ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ወንበር ስቦ ስልኩን ከሽንኩርቱ አጠገብ አቆመና ድምፁን ጨመረው።

አዲስ ኢርፎን ግዢልኝ ብሎኝ ነበር። እኔም አልገዛሁም፣ እሱም እስካሁን አልጠየቀኝም።