ደካማ የምትለው ቃል

ውጫሌ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ተክዬ ማመልከቻ በምጽፍበት ዘመን፣ በአምባሰል ምድር የእኔን ያህል ብዕር የተገራለት ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ራሴን ለማሞገስ አይደለም፤ የሚመሰክሩልኝ ሁሉ ስለሞቱ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ባለሱቁ ስኳርና ጨው ከሚጠቀልልበት ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው ተቀዳዶ ስለሚመጣ የብዙ ታሪክ መጀመሪያ አውቃለሁ፤ መጨረሻውን የሞላሁት ራሴ ነኝ። ደራሲ የሆንኩትም በዚሁ ነው።

ለማመልከቻ ሁለት አጀማመር ነበረኝ። ባለጉዳዩ ወንድ ከሆነ፣ «እኔ አመልካች መብቴ ስለተነካ» እላለሁ። ሴት ከሆነች፣ «እኔ ደካማ ሴት፣ እንባዬን የሚያብስልኝ አጥቼ» እላለሁ። ገና አፏን ሳትከፍት ይቺን መስመር በታይፕ መኪናዬ ተይቤ እጠብቃታለሁ። ሦስት ጎረምሶችን በዱላ ደብድባ የተከሰሰች ባልቴት መልስ አጻፈችኝ፤ ለእሷም «እኔ ደካማ ሴት» ብዬ ጀመርኩላት። ጎረምሶቹ ራሳቸውን በፋሻ ጠቅልለው አጠገቧ ቆመው ነበር። እኔ ግን አላፈርኩም። ሥነ ጽሑፍ ነዋ!

ለውጥ መጣ ተብሎ ሰው ሁሉ የቆየ አቤቱታውን ከሣጥን ባወጣበት ሰሞን፣ ከዐረብ አገር የተመለሰች አንዲት ልጅ ወደ ጃንጥላዬ መጣች። ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ ውጫሌ ላይ በረንዳው ወደ መንገድ የዞረ ቤት አሠርታለች። ወንድሟ በሰጠችው ውክልና ካርታውን በራሱ ስም አውጥቶታል። ስትመለስ፣ ራሷ ባሠራችው ቤት እንደ እንግዳ ፍራሽ አነጠፉላት።

«ይጻፉልኝ አባባ» አለች።

ጻፍኩላት። ሦስት ቦታ ደካማ፣ አንድ ቦታ ምስኪን አልኳት። ስጨርስ የራሴ ዓይን እንባ አቀረረ። እሷም ሳታነበው ፈርማ ገባች።

በሳምንቱ ወረቀቱን እያርገበገበች ተመለሰች።

«አባባ፣ ደካማዋ ማናት?»

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ወንድሜ ምን አለ መሰለዎ? ‹ደካማ መሆኗን በፊርማዋ አረጋግጣለች፤ እስክታገባ ድረስ ቤቱን እኔ ብጠብቅላት ምን ነውር አለው?› አለ። ዳኛው ወረቀቱን አዩና ‹አንች አይደለሽም እንዴ የጻፍሽው?› አሉኝ።»

«የአጻጻፍ ደንብ ነው እኮ።»

«ወላሂ አባባ፣ እኔን ሁለት እጥፍ የምትከብድ አሮጊት በቀን ስድስት ጊዜ ከአልጋ አነሳ ነበር። ደካማ ብሆን ደፍጥጣኝ ቀርታ ነበር!»

ዳኛው ማመልከቻውን አሻሽላ እንድታመጣ አንድ ዕድል ሰጥተዋታል። ይህ ካልሆነ ቤቱ የወንድሟ ሆኖ መቅረቱ ነው። ታይፔ ፊት ተቀመጥኩ። አንድ መስመር እንኳ እምቢ አለኝ። ሴት ያለዚያች ቃል በምን እንደምትጀምር አላውቅም ነበር። ላቤን እየጠረግሁ እስካስብ ድረስ እንዳታፈጥብኝ፣ ሃያ ዓመት የደከምኩበትን የልብ ወለዴን ደብተር ሰጠኋት።

ጥቂት ገጾች ገለጠችና፣ «አባባ፣ ይቺ ልጅ ቁርስ አትበላም?» አለች።

«ለምን?»

«በየገጹ ራሷን ትስታለች።»

«ፍቅር ነዋ!»

«እሽ፣ ሥራስ የላትም?»

ይህን በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ባነበብኳቸው መጻሕፍት ሴት ሦስት ሥራ ነበራት፤ ትዋባለች፣ ታለቅሳለች፣ ትሞታለች። አልሞትም ያለች እንደሆነ ትከዳለች። እኔም የተማርኩት ከዚያው ነው።

ደብተሩን አጠፈችው። «እኔ ልናገር፣ እርስዎ ይተይቡ» አለች። «እኔ አመልካች ቤቱን ያሠራሁት ነኝ። የገንዘብ መላኪያ ደረሰኜ ተያይዟል። ካርታው በስሜ ይዙርልኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀ።»

እንደ በጋ ኩበት የደረቀ ጽሑፍ ነው። በእኔ እጅ መውጣቱ አሳፈረኝ፤ ቢሆንም ተየብኩት። አንዱን አስገባች፤ የመዝገብ ቤቱ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ግን እኔ ጋር አኖረች። ከወንድሟ ጋር በሚኖሩበት ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት አይቀመጥም። የታይፔ ሣጥን ክዳን ውስጥ ሸጎጥኩላትና ቆለፍኩት።

ቀጠሮው ከዓመት ዓመት ሲገፋ፣ ውሳኔ ሳያገኝ ጦርነቱ ደረሰ።

ውጫሌ በአንድ ጠዋት ተነቅሎ ወደ ሐይቅ ከተማ ጎረፈ። አውቶብስ የለ፣ ባጃጅ የለ። እኔ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ፣ ታይፔን አቅፌ ደጄ ላይ ተቀምጫለሁ። ያች ልጅ እየሮጠች መጣች።

«ወረቀቴን አባባ!»

እዚህ ላይ ብልህነቴ ሠራ። «ሣጥኑ ያለ እኔ አይሄድም» አልኳት።

«ቁልፉን ይስጡኝ!»

«ቁልፉም ያለ እኔ አይሄድም።»

እኔን አየች፤ መንገዱን አየች። «አላህ ይይልዎ! ይነሱ!» አለች።

አስፋልቱን ትተን በማሳ ለማሳ፣ ትከሻዋን ይዤ ተጎተትኩ። አንድ ወንዝ ዘንድ ደረስን። ውኃው ከጉልበት በላይ ነው፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል። እግሬ ቆመ። ልጅቱ ጎንበስ አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

«አይሆንም» አልኳት። «ሰው ያየኛል።»

«ሰው ሁሉ እየሮጠ ነው፤ ማን ያይዎታል? ይውጡ። አሮጊቷም ይህን ያህል አታስለምነኝም ነበር።»

ወጣሁ። እሷ እኔን ተሸከመች፤ እኔ ታይፑን ተሸከምኩ። ስለዚህ ሁለታችንም ተሸክመን ነበር ማለት ይቻላል። ውኃው መሐል ስንደርስ፣ «አብሽሩ አባባ፣ አይዞዎት፤ ብቻ ሣጥኑን አናቴ ላይ አያስደግፉት» አለችኝ።

ሐይቅ ከተማ፣ የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተፈናቃይ ሲመዘገብ ተሰለፍን። መዝጋቢው ከላይ እስከ ታች አየኝና ‹አቅመ ደካማ› ብሎ ሊጽፍ ብዕሩን አነሳ። ደሜ ፈላ። ለካ ቃሏ ሰው ላይ ስታርፍ ታቃጥላለች! አፌን ሳልከፍት ልጅቱ ቀደመችኝ።

«ደካማስ አይደሉም፤ ከባድ ናቸው። ተሸክሜአቸዋለሁ» አለች።

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ከቤታቸው ከወጡ ወዲህ ሲስቁ ያ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። ሐይቅም ብዙ አላስቀመጠችንም፤ ጦርነቱ ተከተለንና ሌላ መንገድ ነበረ። እሱን ግን በገዛ እግሬ ሄጄዋለሁ።

ጦርነቱ አልፎ ውጫሌ ስንመለስ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ተበታትኖ ጠፍቷል። ወንድምየው አዲስ በተመደቡት ዳኛ ፊት ቆሞ፣ «ክስ የሚባል ነገር አልነበረም» አለ። ሣጥኔን ይዤ ገባሁና ከፈትኩት። ቅጂው ከነደረሰኙ ጠርዙን ውኃ ነክቶታል፤ ማኅተሙ ግን ይነበባል። ዳኛው ያችን ደረቅ ጽሑፍ አንብበው «ያሠራው ማነው?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ወንድምየው እንደ ድሮው ስለ እህቱ ደካማነት ሊያወራ ወረቀቱን አገላበጠ፤ የሚጠቅሰው መስመር አጣ። ካርታው በስሟ ዞረ።

ዛሬ የምሠራው በእሷ በረንዳ ላይ ነው። እዚያ ‹ደካማ ሴት› ተብሎ አይተየብም፤ ያስቀመጠችኝ በዚህ ውል ነው።

ልብ ወለዴንም እንደገና ጻፍኩት። ልጅቱ ራሷን መሳት ተወች፤ በጦርነት መሐል ጀግናውን አዝላ ወንዝ ታሻግራለች። ባለፈው እኩዮቼን በረንዳው ላይ ሰብስቤ አነበብኩላቸው።

«ሌላው ግሩም ነው» አለኝ አንዱ። «ይህን ቦታ ግን አውጣው። ሴት ወንድ አዝላ ወንዝ ትሻገር? በሬ ወለደ በለኛ!»

ሁሉም ሳቁ። ምስክር መጥራት እችል ነበር። ግን የታዘለው ማነው ቢሉኝስ? ደብተሬን አጠፍኩ።

ከውስጥ ድምጿ መጣ። «ምነው ዝም አሉ አባባ? ራስዎን ሳቱ እንዴ?»

ተነሳሁ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁና፣ በመላው አምባሰል የእኔን ያህል ከባድ ሰው ከነታይፑ ተሸክሞ ወንዝ የተሻገረ ወንድ ካለ ይምጣ አልኳቸው።