አቶ ደምሌ ጣና ዳር ለሽምግልና የሄዱ ለት

አቶ ደምሌ ለሽምግልና ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም። ላይ ጋይንት ውስጥ ገብሱ ታጭዶ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ ወዲያ፣ በየደጁ ቆመው የሰው ልጅ ሲያጋቡ ይከርማሉ። ዘንድሮ ግን የራሳቸው ጉዳይ ገጠማቸው። በእጃቸው ያሳደጉት የሟች እህታቸው ልጅ ሙሉቀን፣ ባሕር ዳር ህይወት የምትባል ልጅ ወደደ። አባቷ አቶ ሙላው ስማዳ ተወልደው ከተማ የከበሩ ነጋዴ ናቸው፤ «በወጉ ሽማግሌ ካልመጣ አልሰጥም» ብለዋል።

አቶ ደምሌ ጎረቤታቸውን አለሙን አስከትለው፣ የታጠበ ጋቢያቸውን ደርበው ጣና ዳር ደረሱ። ባለባጃጁ አንድ ረጅም ሕንጻ ፊት አውርዷቸው፣ «የአቶ ሙላው ቤት ይኸውላችሁ» ብሎ ሄደ። ሕንጻው ሁለመናው መስታወት ነው፤ ሐይቁም ደመናውም፣ የሁለቱም ጋቢ ሳይቀር ይታይበታል።

«ይህ ሁሉ የእሳቸው ነው?» አለ አለሙ።

«ዝም በል! አገር ያላየን አታስመስለን።»

ገቡ። ሶፋ በየመልኩ፣ የምግብ ጠረጴዛ ከነሳህኑ፣ አልጋ ሳይቀር ተነጥፏል። አለሙ አልጋውን ሲያይ አፍሮ አቀረቀረ። ሱፍ የለበሰ ሰው ፈገግ ብሎ ተቀበላቸው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ አባቶች! አረፍ በሉ።»

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ደምሌ ኮስተር ብለው። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት መች ይቀመጣል!

«ኧረ ሞክሩት፣ አትግደርደሩ።»

«የምንጠይቀዎት አለን።»

«ጠይቁኝ እንጂ! ለእናንተማ ቅናሽ አደርጋለሁ።»

አለሙ ወደ አቶ ደምሌ ጆሮ ጠጋ አለ። «ልጅቱ ምን ነውር ቢኖርባት ነው?»

አቶ ደምሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅዎን ለልጃችን ለሙሉቀን ልንለምን ነው የመጣነው።»

የሰውየው ፈገግታ ደረቀ። «ኢማንን? ገና ሁለተኛ ክፍል ናት እኮ!»

ለካስ ሰውየው ሻፊ የሚባል የሶፋ ነጋዴ ኖሯል፤ ቤት የመሰላቸውም ሱቁ ነው። አቶ ሙላው የሚኖሩት ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። አቶ ደምሌን ላብ አጠመቃቸው። ሱቅና ቤት የማይለይ ሽማግሌ ላከ ከተባለ፣ የሙሉቀን ነገር አበቃለት።

ሻፊ ግን ስልኩን አንሥቶ፣ «ጋሽ ሙላው፣ ቶሎ ይውረዱ! ሽማግሌዎችዎ እኔን ልጅህን ስጠን ብለው ይዘውኛል» አለ።

አቶ ሙላው በነጠላ ጫማ እየሮጡ ወረዱ። ሁለቱ በዚያ ሁሉ ሶፋ መካከል ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ምነው ሳታስቀምጣቸው?»

«ከገቡ ጀምሮ እየለመንኋቸው ነው! ጉዳያችን ሳይሰማ ብለው እምቢ አሉ።»

አቶ ሙላው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «እንግዲህ ይናገሩ» አሉ። አቶ ደምሌ ተናገሩ። አቶ ሙላው ሰምተው አንዴ ሽማግሌዎቹን፣ አንዴ ሻፊን አዩ።

«ወጉ ዘመድ ላማክር ብሎ ቀጠሮ መስጠት ነበር» አሉ በመጨረሻ። አቶ ደምሌ ወደ በሩ ዞሩ። «እኔ ግን ሻፊ እንዳይቀድመኝ ፈራሁ። ልጄን ሰጥቻለሁ!»

አቶ ደምሌ ያን ጊዜ ተቀመጡ። ሶፋው እስከ ወገባቸው ዋጣቸው፤ ሁለቱ አባቶች፣ አቶ ሙላውና ሻፊ፣ ግራና ቀኝ ይዘው እየጎተቱ አወጧቸው።