አለቃዬ በስልክ የሰጡኝ ምስክርነት

ሾላ አካባቢ ነርስ ሆኜ የገባሁበትን ክሊኒክ የለቀቅኩት የሙከራ ጊዜዬን እንኳ ሳልጨርስ ነው። ቤቴ እንጦጦ ስለሆነ ከማታ ፈረቃ በኋላ ታክሲ አላገኝም ነበር። ጓደኞቼ «ከእንግዲህ ማን ይቀጥርሻል» እያሉ አስፈራሩኝ።

ላምበረት ሌላ ክሊኒክ ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ የፈራሁት ደረሰ። ጠያቂዋ ሲስተር «ለምን ቶሎ ለቀቅሽ?» ብለው መልሴን ሰሙና፣ እዚያው ፊቴ ለቀድሞ አለቃዬ ደውለው ስልኩን ስፒከር ላይ አደረጉት፤ በማታ ታክሲ ችግር መልቀቄንም ነግረው ስለ እኔ ጠየቁ።

«እሷን? እንዳትቀጥሯት» አሉ አለቃዬ።

ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል ድምፃቸው ቀጠለ።

«ብትነግረኝ ኖሮ የቀን ፈረቃ እሰጣት ነበር። ሕፃናቱ እኮ መርፌ ሲወጉ የማያለቅሱት በእሷ እጅ ብቻ ነው። ወደ እኔ ትመለስ።»

ሲስተር አመስግነው ስልኩን ዘጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«የቀን ፈረቃ እኛም ጋ አለ» አሉኝ። «ነገ ጠዋት ግቢ፤ የቀድሞ አለቃሽ ከደወሉልሽ ግን ስልክ እንዳታነሺ።»