የሰሃን ጠጋኙ ሚስትና የቆንስሉ መርከብ

ከደቡብ ቻይና የመጡት ወታደሮች ወደ ከተማችን ሲቃረቡ የእንግሊዞቹ ቆንስል «ዜጎቻችን በሙሉ በመርከብ ይውጡ» ብሎ አዘዘ። እኔ ያን ጊዜ ወንዝ ላይ ጀልባ እቀዝፍ ነበር፤ ፈረንጆቹን ከዳር ወደ መርከቡ ያመላለስኳቸው እኔ ነኝ። ድመታቸውንም ፒያኗቸውንም ጭምር። ድመቷ ቧጨረችኝ፤ ፒያኖው ግን ጨዋ ነበር።

ኤልስፔት የጎረቤቴ የጌንግ ሚስት ናት። ጌንግ የተሰበረ ሰሃን እየጠገነ ነው የሚኖረው። እሷ የስኮትላንድ ሰው ናት፤ እኛ ጋ ከመኖሯ ብዛት በርበሬ ስትበላ ትበልጠኛለች። መርከብ በጮኸ ቁጥር ግን የያዘችውን ጎመን ትታ ወደ ወንዙ ትዞራለች። እናቷ እዚያ ማዶ አርጅተዋል።

«ሂጂ» አላት ጌንግ ከሰሃኑ ቀና ሳይል። «ወታደር ፈረንጅ ካየ ማን ነሽ ብሎ አይጠይቅም።»

«አንተስ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ! ሰሃን ይሰበራል፣ ሥራ ይበዛል።»

ቀዝፌ አደረስኳት። ቆንስሉ ከመሰላሉ ጫፍ ቆሟል። ቋንቋቸውን ወንዙ ላይ ለቃቅሜያለሁ፤ በተለይ ስድቡን።

«ቻይናዊ ያገባች የእኛ ዜጋ አይደለችም» አላት። «መንግሥት የወሰነው ነው።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «ቤተክርስቲያን ነው የተጋባችሁት?»

«አይ። ሙሽራ በሚጫንበት ቀይ ወንበር ተሸክመው አመጡኝ። ለሰማይና ለምድር ሰገድን፣ ለአማቴ ሻይ አቀረብኩ።»

«እሱን እኛ ጋብቻ አንለውም። አላገባሁም በይና ውጪ።»

የመሰላሉን ገመድ ጨበጠች። ገመዱ ባሕር ባሕር ይሸታል መሰለኝ፣ አፍንጫዋን አስጠግታ ቆየች።

«እትዬ፣ በይው እንጂ!» አልኳት በእኛ ቋንቋ። «እናትሽን አታዪም? ጌንግ እንደሆነ አይሰማም!»

«አንተ ትሰማለህ።»

«እኔ ለማን እነግራለሁ?»

«ለመንደሩ በሙሉ።»

እውነቷን ነው። እሷም ወደ ላይ ቀና ብላ «አግብቻለሁ» አለች። ቆንስሉ ኮፍያውን አነሳላት። ገመዱን ለቀቀችው።

ስንመለስ ጀርባዋን ለከተማው ሰጥታ መርከቡን እያየች ተቀመጠች። ያለወትሮዬ ቀስ ብዬ ቀዘፍኩ። መርከቡ ጮኸና ታችኛውን መታጠፊያ ይዞ ሄደ፤ ጭሱ ቀረ፤ እሱም አልቆየም።

ጌንግ ዳር ላይ ቆሞ ነበር። «ምነው?» አላት።

«አናወጣሽም አሉኝ።»

ጌንግ ይኸው እስከ ዛሬ ያን ቆንስል ይረግማል። እኔም አብሬው እረግማለሁ።