ያልተረጎምኩት ዓረፍተ ነገር

ያኔ ስቶክሆልም ዳርቻ፣ ብሬዴንግ ውስጥ ፎርም የሚሞላለት የፈለገ አበሻ ሁሉ የሚመጣው እኔ ጋ ነበር። የቤት ኪራይ ድጎማ ይሁን፣ የሕፃናት መዋያ ይሁን፣ የእናት ቪዛ ይሁን፣ ወረቀቱን በፌስታል አንጠልጥሎ ከቱነልባናው ባቡር ይወርድና ደረጃዬን ይወጣል። በሱዳን አድርጌ እዚህ ስገባ አንዲት የስዊድን ቃል አላውቅም ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን የመንግሥት ደብዳቤ ሲመጣ ፖስታውን ሳልቀድ ምን እንደሚል መገመት ጀምሬ ነበር። ስናገረው ኩራት እንዳለበት አውቃለሁ። የታናሽ እህቴን ኑሮ ያበላሸሁትም በዚሁ ኩራት ነው።

እህቴ የመጣችው በሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ፣ በጋብቻ ነው። ባሏ በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ቬሊንግቢ የሚኖር፣ እንደ እኔ በስደት የመጣ፣ አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ነበር። በቤተ ክርስቲያን አውቀው ስለነበር ያገናኘኋቸው እኔው ነኝ። ዝምተኛ ነው፤ ሲናገርም ቃል የሚቆጥብ። እሷ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንላትም፤ አዲስ አበባ የራሷ ፀጉር ቤት ነበራትና ቀኑን ሙሉ ስታወራ የኖረች ሴት ናት። ፀጉር ቤቱን ሸጣ መጣች። በዚያ ገንዘብ ቬሊንግቢ ያለችውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ለመግዛት ቅድሚያ ክፍያ ከፈሉ፤ ቤቱ የተጻፈው ግን በእሱ ስም ብቻ ነው። ባንኩ ጊዜያዊ ፈቃድ ያለው ሰው አይቀበልም ተባለ። እኔም ይህንኑ አስረዳኋት።

ጊዜያዊ ፈቃድ የሚባለው በጋብቻ ለሚመጣ ሰው የሚሰጥ የሁለት ዓመት ፈቃድ ነው። ሁለቱ ዓመት እስኪሞላ ትዳሩ ከቆየ ቋሚ ይሰጠዋል። ቀድሞ ከፈረሰ፣ የተለየ ምክንያት ካላመጣ በቀር፣ ወደ መጣበት ይመለሳል። ይህን ሕግ ለስንቱ እንዳስረዳሁ!

እህቴ በመጣች በሃያ አንደኛው ወር፣ አንድ እሑድ፣ ቤታቸው እንግዳ ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ ቤቱን አድንቆ፣ «የሁለታችሁ ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀ። ባሏ ሳቀና፣ «መጀመሪያ እሷ ቋሚ ትሁን» አለ። እንግዶቹም ሳቁ። እህቴ እንግዶቿን አስተናግዳ ጨረሰች፣ ሸኘች፣ ሳህኖቹን አጠበች፣ ከዚያ ሻንጣዋን ይዛ እኔ ቤት መጣች።

«ሰው ፊት፣ እቴቴ! በገዛ ገንዘቤ!» አለችኝ፤ እንባዋም መጣ። ደሜ ፈላ። «እዚሁ ትቀመጫለሽ! መጥቶ ይለምን!» አልኳት።

እኛ ዘንድ ያኮረፈች ሚስት ወደ ዘመዶቿ ትሄዳለች። ባል ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን «ውሰዷት» አይባልም፤ ከተባለ ልጅቷ ትቀላለች። እኔ ከቤተሰቡ ታላቅ ነኝ፤ እናትና አባታችን ሞተዋል። እንግዲህ የወላጅ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሽማግሌ መጠበቅ ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። በሥራዬ አረጋውያን የማጥብና የማበላ ሰው ነኝ፤ ማንም መጥቶ የለመነኝ ጊዜ የለም።

በሁለተኛው እሑድ መጡ። ሁለት የቤተ ክርስቲያናችን አባቶች ናቸው፤ አንደኛው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ካፖርታቸውን ተቀብዬ አስቀመጥኳቸው።

«ልጄ፣ ሰውየው ተጸጽቷል። ያለችውን ሁሉ እቀበላለሁ ብሏል» አሉኝ ትልቁ።

«አባቴ፣ እርስዎ ድረስ በመምጣትዎ አክብረውኛል። ግን ራሱ ይምጣ። ሲመጣም ስሟን ቤቱ ላይ አስገብቶ ይምጣ።»

«በዚህ አገር ነገር ማርዘም ጥሩ አይደለም፣ ልጄ።»

«እኛም የተሰደብነው በዚሁ አገር ነው» አልኳቸው፤ መልሴም ደስ አሰኘኝ።

እነሱን ሸኝቼ ወደ መኝታ ቤት ስገባ እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯን ተተኩሳለች፣ ጉትቻ አድርጋለች፣ ጫማዋንም አጥልቃለች። ለሽማግሌዎቹ ክብር ብላ ነው ብዬ አሰብኩ። «ሄዱ?» አለችኝ። «ይመለሳሉ» አልኳት። ጫማዋን ቀስ ብላ አወለቀች።

በማግስቱ ሰኞ ነው የአድራሻ ለውጥ ፎርሙን የሞላሁት። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት የቋንቋ ትምህርት ቤቷ ደብዳቤ ቬሊንግቢ እየሄደ መቅረቱ ነበር። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ሰውየው የምር መሆናችንን ይወቅና ይደንግጥ ብዬ ነው። ኩርፊያውን ማክረሬ ነበር። አገር ቤት ቢሆን ቀሪ ልብሷን በሰው አስመጣ ነበር፤ እዚህ በመንግሥት ፎርም አደረግሁት። እህቴ እየቀመሰች ወጥ ታማስል ነበር፤ ማማሰያውን እንደያዘች መጣች።

«ምንድነው?»

«ለፖስታ ነው። እዚህ ጋ ፈርሚ።»

ፈረመች። እኔ የሰጠኋትን ወረቀት አንብቢልኝ ብላ አታውቅም።

በእሷ ስም የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ቀጥ ሲልበት ባሏ ነገሩ ገባው። እሱም እንደ እኔ እዚህ የኖረ ነው፤ ዝም ብሎ የቀረ ፖስታ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሽማግሌዎቹ ዳግም ሲያናግሩት፣ «በመንግሥት መዝገብ ከቤቴ ወጥታለች፣ አሁን ምን ብዬ ነው የምለምነው?» አላቸው አሉ። እሱም ኩራት ነበረው። በወሩ የፍቺ ማመልከቻው እኔ ቤት ደረሰ። እህቴ ወረቀቱን እያየች፣ «ካልፈለገኝ አልለጠፍበትም» ብላ ተስማማች፣ ፈረመች። የዚያን ጊዜ «ቆይ» ማለት ነበረብኝ። ትዳሩ ፈቃዷን ተሸክሞ እንደቆመ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ግን አሁንም እሱ ሮጦ የሚመጣ መስሎኝ ነበር።

ያስገባሁላት የፈቃድ ማደሻ ማመልከቻ መልስ የመጣው እሷ በሌለችበት ነው። ወጥ ቤት ቆሜ አነበብኩት። አይታደስም ይላል። ትዳሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ፈርሷል፤ አብሮ መኖር የቆመውም አመልካቿ ራሷ አዲስ አድራሻ ካስመዘገበችበት ቀን ጀምሮ ነው። ሁለት ዓመት ለመሙላት የቀረው ሦስት ወር ነበር።

ማታ ነገርኳት። ቀኑንና ምዝገባውን ግን ዘለልኩት። «ከባልሽ ስለተለያየሽ ነው ይላሉ» ብቻ አልኩ።

«ማን ነገራቸው?» አለች። ወዲያው ራሷ መለሰች፤ «እሱ ነዋ! ቤቱ እንዲቀርለት ነው!»

አፌን ከፈትኩ። ያቺ ደቂቃ አለፈች፤ ካለፈች በኋላ ደግሞ መናገሩ በየቀኑ እየከበደ ሄደ። እርግማኗን ስትጀምር አብሬያት እራገም ጀመር፤ አንዳንዴ ከእሷ ብሼ። ይግባኝ የጻፈልንን የሕግ ሰው ለብቻው አግኝቼ፣ ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ እሷ አታውቅም፣ ኩርፊያ ነበር ብዬ ብመሰክርስ ብዬ ጠየቅሁት። «ፍቺው ተፈጽሟል፤ አሁን ቀኑ ምንም አይለውጥም» አለኝ። የምሠራው ነገር አልነበረም። ማታ ማታ ይግባኙ የት ደረሰ ስትለኝ ሳህን አነሳለሁ፣ የታጠበውን ደግሜ አጥባለሁ። የሕግ ሰውየውን መልስ ግን ለዝምታዬ ማመካኛ አደረግሁት፤ መናገሬ ካላዳናት ለምን እናገራለሁ እያልኩ።

ይግባኙ ሳይመለስ የንብረት ክፍፍሉ ደረሰ፤ ስዊድኖቹ ቡዴልኒንግ የሚሉት ነው። ፍርድ ቤት የሾማት አካፋይ ጠበቃ ሶደርማልም በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቢሮዋ ጠራችን። አስተርጓሚ ላዘጋጅ ወይ ብላ ነበር። «እኔ እያለሁ?» አልኳት። ሌላ ሰው ምን ብሎ እንደሚተረጉም ፈርቼ ነው።

አራታችን አንድ ጠረጴዛ ከበብን፤ ጠበቃዋ፣ እህቴ፣ እኔ፣ ፊት ለፊታችን እሱ። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው የመጣው። ጠበቃዋ መነጽሯን አድርጋ ከመዝገቡ ማንበብ ጀመረች። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ፣ ባልና ሚስቱ አብረው መኖር ያቆሙት ሚስትየው ራሷ ፈርማ የመኖሪያ አድራሻዋን በለወጠችበት ቀን ነው ብላ አነበበችና እንድተረጉም ወደ እኔ ዞረች።

እሱ ቀና ብሎ አየኝ።

«ከተለያያችሁ ቆይቷል እያለች ነው» አልኳት ለእህቴ።

አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። አማርኛውም ስዊድንኛውም አለው፤ ለወራት ስሙን ያጠፋችው ሴት ፊቱ ተቀምጣለች። እሱ ግን አንገቱን ደፋና የብዕሩን ክዳን ከፈተ፣ ዘጋ። ጠበቃዋ ንባቧን ቀጠለች።

ቤቱ ለእሱ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ ቤቱ የበለጠ ለሚያስፈልገው ይሰጣል አለች ጠበቃዋ፤ ሚስትየው አገር ውስጥ የምትቆይ ስላልመሰለ እሷ አያስፈልጋትም። ፈቃዷን ያሳጣት ነገር ቤቷንም አሳጣት ማለት ነው። የባንኩ ዕዳ ተነሥቶ የደረሳት ድርሻ ፀጉር ቤቷን መልሶ የሚገዛ አልነበረም። ከቤት ዕቃው ምን ትፈልጊያለሽ ስትባል እህቴ፣ «ሶፋውን!» አለች።

«አገር ለቃ የምትሄድ ከሆነ ሶፋ ምን ያደርግላታል?» ብላ ጠበቃዋ ጠየቀችኝ።

«እሱ እንዳይጋደምበት ነው በያት» አለች እህቴ።

ለማስታወሻ ነው ብዬ ተረጎምኩ። እሱ የሁለቱንም ሰምቷል። «ትውሰድ» አለ።

እህቴ መታጠቢያ ቤት ስትገባ ኮሪደሩ ላይ ሁለታችን ቀረን። ጃኬቱን እየለበሰ ነበር።

«አልነገሯትም፣ እትዬ» አለኝ። ንዴት ፈልጌ ነበር፤ አልነበረበትም፣ የደከመው ሰው ድምፅ ነው።

የካፖርቴን ቁልፎች መቆለፍ ጀመርኩ።

«እኔ አልነግራትም። ከእንግዲህ የምትፈልገው እርስዎን እንጂ እኔን አይደለም።» ከዚያ በደረጃው ወረደ።

ይግባኙ ውድቅ ሆነና በመከር ሄደች። አርላንዳ አየር ማረፊያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር፣ እቴቴ» አለችኝ። እኔም «ተይ እንጂ፣ ምን አደረግሁልሽ» አልኳት፤ እንደ ትሕትና ወሰደችው።

ዛሬ አዲስ አበባ በሰው ፀጉር ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። በየበዓሉ እንደዋወላለን፤ ሁልጊዜ ከመዝጋቷ በፊት ስለ እሱ ትጠይቀኛለች። «ያ ሰውዬ እግዜር አልከፈለውም?» ትለኛለች። አንድ ጊዜ እንኳን «ተይው» ብዬ አላውቅም። «ይከፍለዋል» እላታለሁ። እሱን ቤተ ክርስቲያን አየዋለሁ፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይለኛል፣ ያልፋል።

በስልክ ስንት ጊዜ ልነግራት ጀምሬ ስለ አየሩ አውርቼ ዘግቻለሁ። መጻፍ ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው። በስዊድንኛ ልጽፈው አስቤ ነበር፤ እዚህ የሚያነብልኝ ብዙ ሰው አለ። ግን በስዊድንኛ የተጻፈ ነገር መቼም ለእሷ የሚያነብላት እኔ ነበርኩ። ይህን ማንም ሳይተረጉምላት ራሷ ታነበዋለች።

እህቴ፣ ያን ቀን ያስፈረምኩሽ የፖስታ አልነበረም። ማንም አልጠቆመብሽም። ያስወጣሁሽ እኔ ነኝ።